ከርኆቦት ወደ ዐዘቅተ መሐላ፦ ስለ ቤርሳቤህ ስም የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ፣ ረሆቮት

ቤርሳቤህ የሚለው ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሞ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን ትርጉሙን ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» ሲባል ምድሪቱ ከሰሜን ዳር እስከ ደቡብ ዳር ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አጋር ልጇን ይዛ የተቅበዘበዘችው በቤርሳቤህ ምድረ በዳ እንደነበረ፣ ነቢዩ ኤልያስም ከኤልዛቤል ሸሽቶ ወደ በረሃው ሲገባ ብላቴናውን በዚያ እንደተወው እናስታውሳለን። ስሙ ግን ከቦታ መለያነት አልፎ፣ በውሃ ምክንያት የተነሣ ክርክር በመሐላ እንዴት እንዳለቀ የሚመሰክር ቃል ነው። ይህን ጉዞ የጀመርሁት ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ስለ ይስሐቅ ጕድጓዶች የሚናገረውን ታሪክ በቦታው ላይ ሆኜ ለማንበብ አስቤ ነው።

በምዕራፉ መሠረት የይስሐቅ አገልጋዮች አራት ጕድጓድ በተከታታይ ቈፍረዋል፤ አራቱም ስም ወጥቶላቸዋል። የመጀመሪያው ዔሴቅ፣ ሁለተኛው ስጥና፣ ሦስተኛው ርኆቦት፣ የመጨረሻው ሳቤህ ይባላሉ። ከኢየሩሳሌም ተነሥቼ በቅድሚያ የገባሁት በሦስተኛው ጕድጓድ ስም በተጠራችው በዛሬዋ ረሆቮት ነው። ይህች ከተማ ከቴል አቪቭ በስተደቡብ በእ.ኤ.አ. 1890 (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተቈረቈረች ስትሆን መሥራቾቿ ስሟን የወሰዱት ይስሐቅ «አሁን እግዚአብሔር አሰፋልን፥ በምድርም እንበዛለን» ካለበት ቃል ነው። የጥንቱ ርኆቦት የነበረው እዚህ አይደለም፤ ሊቃውንቱ የሚፈልጉት ከቤርሳቤህ ደቡብ ምዕራብ በረሃ ውስጥ ነው። በዚያ በዐረብኛ ሩሐይባ የሚባል የናባታውያንና የቢዛንታይን ዘመን ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ በስሙ ውስጥም ያው የጥንቱ ቃል ይሰማል።

የቃሉ ሥር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ግእዝ «ረሐበ» ሲል ሰፋ፣ ተንጣለለ ማለቱ ነው፤ ዕብራይስጡም በዚሁ ሥር ስፋትንና ሰፊ ቦታን ይጠራበታል። በአማርኛ አነጋገራችን ሐ እና ኀ በድምፅ ስለተቀላቀሉብን ይህ ቃል ረኀብን ከሚያመለክተው ከሌላው ሥር ጋር ሊምታታ ይችላል። በፊደል ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ የጥንት ጸሐፊዎቻችን ፊደሉን ለይተው መጻፋቸው ለእንዲህ ያለው ምርምር ታላቅ ስጦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በረሆቮት ቂርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር አለ፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ይኖሩበታል። ከቀትር በኋላ በመናፈሻው ከተቀመጡ አንዲት እናት ጋር ሰላምታ ተለዋወጥን። ከጎንደር አካባቢ በወጣትነታቸው መምጣታቸውን ነገሩኝ። ስለ ከተማይቱ ስም ሳነሣባቸው፣ «እማማ፣ ረሆቮት ማለት እኮ ስፋት፣ ሰፊ ቦታ ማለት ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «አዬ ልጄ፣ እኛ እኮ አገራችን ሳለን መሬቱ የሰው ነበር፤ ቀጥቅጠን፣ ሸምነን፣ ሸክላ ሠርተን ነው የኖርን። አራሹም ቢሆን የሰው ጭሰኛ ነበር» አሉኝ። ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው ለዘመናት መኖራቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ይስሐቅም በጌራራ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ፣ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው እየተገፋ «አሰፋልን» እስኪል ድረስ የደረሰበትን ድካም፣ ርስት ተከልክሎ የኖረ ሰው ከማንኛችንም በተሻለ እንደሚረዳው እርግጠኛ ነኝ።

ሰኞ፣ የጌራራ ሸለቆ

ከረሆቮት ወደ ደቡብ የሚወስደው ባቡር በአሽቀሎን በኩል ያልፋል፤ በመጽሐፋችን አስቀሎና የምንላት የፍልስጥኤማውያን ከተማ ናት። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ከባሕሩ ይርቅና ወደ ነጢቮት ይታጠፋል። ነጢቮት ማለት ጎዳናዎች ማለት ነው፤ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 3 ስለ ጥበብ «ጎዳናዋም ሁሉ ሰላም ነው» ከሚለው የተወሰደ ስም ነው። በዚህ አገር የአዳዲስ ከተሞችን ስም ከጥቅስ መምረጥ የተለመደ ነው።

ከነጢቮት እስከ ጌራራ ሸለቆ ድረስ ያለው አገር በየካቲት ወር ሲያዩት ምድረ በዳ አይመስልም። የስንዴው ማሳ አረንጓዴ ነው፤ በየዳርቻው የበቀሉት ቀያይ የዱር አበቦች መሬቱን ሸፍነውታል። ይስሐቅ በዚያች ዓመት ዘርቶ መቶ እጥፍ እንዳገኘ የተጻፈው ስለዚህ ምድር ነው። ወንዙ ግን የክረምት ወንዝ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ይደፈርሳል፣ ሲያባራ አሸዋና ጠጠር ብቻ ይሆናል። ከብት ያለው ሰው በዚህ አገር በሕይወት ለመኖር ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ማግኘት ግድ ይለዋል፤ የጕድጓዱ ጠብ የመጣውም ከዚህ ነው።

የጥንቷ ጌራራ ቴል ሀሮር በሚባለው ትልቅ ጉብታ ላይ እንደነበረች ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ኤሊኤዘር ኦረን የተባሉት የከርሰ ምድር ተመራማሪ በ1980ዎቹ ቦታውን ቈፍረው፣ ከአብርሃምና ከይስሐቅ ዘመን ጋር በተለምዶ በሚያያዘው በመካከለኛው የነሐስ ዘመን የተመሸገ ሰፊ ከተማ እንደነበረ አሳይተዋል። ለተራ ጎብኚ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው፤ ሳር የሸፈነው ጉብታ፣ የተቈረጠ አፈር፣ በስተግርጌው ደረቅ ወንዝ። እኔ ግን ከጉብታው ላይ ቈሜ ሸለቆውን ስመለከት ምዕራፉ እንደ አዲስ ተገለጠልኝ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የሚለው ይስሐቅ ከከተማዪቱ ወጥቶ በሸለቆው ሰፈረ ነው። ከላይ ያለው ከተማ የጌራራ ንጉሥ የአቢሜሌክ ነው፤ ከታች ያለው ደረቅ ወንዝ ደግሞ የሚገፋው ስደተኛ ድርሻ ነው።

በዚህ ሸለቆ የቈፈሩት የመጀመሪያው ጕድጓድ ውሃው ሲወጣ የጌራራ እረኞች «ውኃው የእኛ ነው» ብለው ተከራከሩ፤ ይስሐቅም ዔሴቅ አለው፤ ክርክር፣ ጭቅጭቅ ማለት ነው። በሁለተኛውም ተጣሉ፤ ስሙንም ስጥና አለው፤ ባላጋራነት፣ ክስ ማለት ነው። ይህ ቃል ከሰይጣን ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሰይጣን በመነሻው ባላጋራ፣ ከሳሽ ማለት ነውና። ስለዚህ ይስሐቅ ከክርክር ወደ ክስ፣ ከክስ ወደ ስፋት፣ ከስፋት ወደ መሐላ ነው የሄደው። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የተገኘ አይመስለኝም፤ እንደ አንድ ሙግት ሂደት ነው የሚነበበው። ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰብዓ ሊቃናትም ይህን ስለተረዱ ስሞቹን በድምፃቸው አልተዉአቸውም፤ አራቱንም ተርጕመው ዐመፃ፣ ጠላትነት፣ ስፋት፣ መሐላ ብለው ጽፈዋቸዋል። በትርጉማቸው የሚያነብ ሰው ታሪኩን በስሞቹ ብቻ መከተል ይችላል፤ በድምፁ የሚያነብ ግን አራት እንግዳ ስሞች ብቻ ያጋጥሙታል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ፍልስጥኤማውያን በአብርሃም ዘመን የተቈፈሩትን ጕድጓዶች አብርሃም ከሞተ በኋላ በአፈር ደፍነዋቸው ነበር። ይስሐቅ እነዚያን እንደገና አስቈፈራቸው፤ አባቱ ባወጣላቸው ስምም ጠራቸው። መጽሐፉ ስሙን መመለሱን ለብቻው መናገሩ፣ በዚያ ዘመን የጕድጓድ ስም የባለቤትነት ማስረጃ እንደነበረ የሚያሳይ ይመስለኛል። ጕድጓዱን በአፈር መድፈን ውሃውን ማጥፋት ነበር፤ ስሙን ማስረሳት ደግሞ ቈፋሪውን ማጥፋት ነበር።

ማክሰኞ፣ ቴል ቤርሳቤህ

የጥንቷ ቤርሳቤህ ጉብታ ከዛሬዋ ከተማ በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ ቴል ሼቫ ከሚባለው የበደዊን (የበረሃ ዐረቦች) ከተማ አጠገብ ይገኛል። በእ.ኤ.አ. 2005 ከመጊዶና ከሐጾር ጋር በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ዮሐናን አሃሮኒ የተባሉት ምሁር ከ1969 እስከ 1975 ድረስ ቈፍረውታል፤ ዛሬ የሚታየው በአብዛኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዘመን የነበረው የይሁዳ መንግሥት ከተማ ነው።

ወደ በሩ ስንቃረብ የሚቀበለን ከቅጥሩ ውጭ ያለው ጕድጓድ ነው። ጥልቀቱ 69 ሜትር ነው። በእጅ መሣሪያ ይህን ያህል ወርዶ መቈፈር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አፋፉ ላይ ቈሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ይረዳዋል። አሃሮኒ ከአበው ታሪክ ጋር ሊያያይዙት ሞክረው ነበር፤ ብዙዎች ግን ከከተማዪቱ ጋር የተቈፈረ የብረት ዘመን ሥራ ነው ይላሉ፤ በአብርሃም ዘመን በጉብታው ላይ የሰው መኖሪያ አልተገኘምና። ይህ ክርክር አንዳንድ ምእመናንን ሲያስጨንቅ አይቻለሁ። እኔን አላስጨነቀኝም፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 በዚያ ቦታ ከተማ ነበረ አይልምና። የሚለው ጕድጓድ ነበረ፣ አብርሃም ዛፍ ተከለ፣ በእንግድነትም ብዙ ቀን ተቀመጠ ነው። ድንኳን ደግሞ ለመቶ ዓመታት የሚቈይ ፍርስራሽ አይተውም። «ከተማ» የሚለው ቃል የሚመጣው በምዕራፍ 26 መጨረሻ፣ «እስከ ዛሬ ድረስ» ከሚለው የጸሐፊው ማሳሰቢያ ጋር ነው።

በሩ ሥር ተቀምጬ ምዕራፍ 21ን በሙሉ አነበብሁ። አቢሜሌክና የሠራዊቱ አለቃ ፊኮል ወደ አብርሃም መጥተው እንዳይከዳቸው እንዲምልላቸው ይጠይቁታል። አብርሃም እምላለሁ ይላል፤ ግን ወዲያው የአቢሜሌክ ሎሌዎች ነጥቀው ስለወሰዱት የውሃ ጕድጓድ ይወቅሰዋል። አቢሜሌክም ነገሩን ያን ቀን ገና መስማቱን ይናገራል። ከዚያ በኋላ አብርሃም በጎችና ላሞች ሰጥቶት ቃል ኪዳን አደረጉ፤ ሰባት ቄቦች በጎችንም ለብቻቸው አቆመ። ለምን ብሎ ሲጠይቀው፣ ጕድጓዱን እኔ እንደ ቈፈርሁ ምስክር ይሆኑኝ ዘንድ ከእጄ ውሰዳቸው አለው። «ስለዚህ የዚያን ስፍራ ስም ቤርሳቤህ ብሎ ጠራው፤ ከዚያ ሁለቱ ተማምለዋልና» ይላል።

እዚህ ላይ የዕብራይስጡን አነጋገር መረዳት ያስፈልጋል። «በኤር» ጕድጓድ ነው። «ሼቫ» ሰባት ነው፤ ከግእዙ «ሰብዐቱ» እና ከእኛ «ሰባት» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። መማል ደግሞ «ኒሽባዕ» ይባላል፤ ሥሩ በፊደል ያው የሰባት ሥር ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሰባቱን በጎች ከመሐላው አጠገብ ያስቀመጠው ስሙን በሁለት በኩል ለማሰር ነው፤ የሰባቱም ጕድጓድ ነው፣ የመሐላውም ጕድጓድ ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የጽሑፉን ሐሳብ ማጕደል ይመስለኛል። አቢሜሌክ ሰባቱን በጎች በተቀበለ ጊዜ የአብርሃምን ባለቤትነት አምኗል፤ በማለ ጊዜም አጽንቶታል።

ከተማዪቱን ዞሮ ማየት ብዙ ሰዓት አይወስድም። ቤቶቹ ከቅጥሩ ጋር ተያይዘው በክብ መንገድ ተደርድረዋል፤ ከበሩ አጠገብ በድንጋይ ምሰሶ የተከፋፈሉ ረዣዥም የእህል ጎተራዎች አሉ። በዚያው ጎተራ ግድግዳ ውስጥ በ1973 የተገኙት የመሠዊያ ድንጋዮች ግን ቆም ብሎ መመልከትን ይጠይቃሉ። አራት ቀንድ የነበረው ትልቅ መሠዊያ ፈርሶ፣ ድንጋዮቹ እንደ ተራ የግንብ ድንጋይ ተቀጥለው ነበር፤ በአንዱ ላይ የእባብ ምስል ተቀርጾበታል። አሃሮኒ መሠዊያው የፈረሰው በንጉሥ ሕዝቅያስ ተሐድሶ ነው አሉ፤ ሌላው የከርሰ ምድር ተመራማሪ ይጋኤል ያዲን ግን ከንጉሥ ኢዮስያስ ጋር አያይዘው ተቃወሟቸው፤ ኢዮስያስ ከጌባ ጀምሮ እስከ ቤርሳቤህ ድረስ የኮረብታ መስገጃዎችን እንዳረከሰ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 23 ተጽፏልና። ድንጋዮቹ ደግሞ በመሣሪያ የተጠረቡ ናቸው፤ ኦሪት ዘጸአት የሚያዝዘው ባልተጠረበ ድንጋይ እንዲሠራ ነው። አሁን በቦታው የሚታየው ቅጂው ነው።

በመውጫው ላይ የራስ መከላከያ ቆብ ሰጥተውን በድንጋይ ደረጃ ወደ ታችኛው የውሃ ማጠራቀሚያ ወረድን። ከኬብሮን ተራሮች የሚመጣውን የክረምት ጎርፍ በቦይ እየሳቡ ከመሬት በታች ያከማቹ ነበር፤ ከተማዪቱ ብትከበብ እንኳ ሕዝቡ እንዳይጠማ ነው። የአካባቢው ዓመታዊ ዝናብ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ድካም ካዩ በኋላ፣ ሁለት አለቆች ለአንድ ጕድጓድ ብለው ለምን እንደተማማሉ መጠየቅ አያስፈልግም።

ረቡዕ፣ አሮጌው ከተማ

የዛሬዋን ቤርሳቤህ አሮጌ ክፍል የመሠረቱት በ1900 ኦቶማኖች ናቸው፤ ኔጌቭ የሚባለውን የደቡቡን በረሃ በደዊኖች ለማስተዳደር ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሏት ትንሽ ከተማ አቆሙ። በዐረብኛ ስሟ ቢር አስ-ሰብዕ ይባላል። ሰብዕ በዐረብኛ አንበሳም ስለሆነ፣ የአንበሳው ጕድጓድ ብለው የሚተረጕሙትም አሉ። አንድ ስም ሕዝብ ሲለዋወጥበት ድምፁን ይዞ አዲስ ትርጉም እንደሚያገኝ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከደረቁ ወንዝ ዳር የአብርሃም ጕድጓድ የሚባለው ቦታ አለ፤ የጎብኚዎች ማዕከል ተሠርቶለት በ2013 ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ ውሃ ይሳብበት የነበረው የእንጨት መንኮራኵር ይታያል። በእ.ኤ.አ. 1838 ኤድዋርድ ሮቢንሰን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በዚህ ሲያልፉ ከተማ አላገኙም፤ ያገኙት ንጹሕ ውሃ ያላቸው ሁለት ጥልቅ ጕድጓዶችና በዙሪያቸው ከብት የሚጠጣባቸውን የድንጋይ ገንዳዎች ነበር። ከርሳቸው በኋላ የመጡ ተጓዦች ስሙ ሰባት ስለሚል ሰባት ጕድጓድ ለመቍጠር ብዙ ደክመዋል። እኔ እንደማምነው ግን መጽሐፉ ሰባት ያለው በጎቹን እንጂ ጕድጓዶቹን አይደለም።

ጕድጓዶቹ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የሰው ሕይወትና ሞት የተመሠረተባቸው ነበሩ። በእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በኦቶማኖች እጅ የነበረችውን ቤርሳቤህን ሲያጠቃ፣ የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ፀሐይ ሳትጠልቅ በግልቢያ ወደ ምሽጉ የገቡት ፈረሶቹ ስለተጠሙ ጭምር ነው፤ ጕድጓዶቹ በፈንጂ ሳይፈርሱ በዚያው ቀን መያዝ ነበረባቸው። የሞቱት ወታደሮች መቃብር ከአሮጌው ከተማ ዳር ይገኛል።

ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስለ ሦስተኛው ትርጉም አሰብሁ። ኦሪትን ወደ ላቲን የመለሰው ቅዱስ ጄሮም የይስሐቅን የመጨረሻ ጕድጓድ «መትረፍረፍ» ብሎ ነው የተረጐመው። ምክንያቱ የፊደሉ ነገር ነው፤ በዕብራይስጥ «ሽ» እና «ስ» በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ የሚለያቸው ነጥብ የተጨመረው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። «ስ» ተብሎ ሲነበብ ቃሉ ጥጋብን ያመለክታል። ሰባት፣ መሐላ፣ ጥጋብ፤ ሦስቱም ከአንድ ጽሕፈት የወጡ ናቸው፤ ሦስቱም ከታሪኩ ጋር ይስማማሉ። እኔ ግን ሁለቱም ምዕራፎች በግልጽ የሚያነሡት ስለሆነ መሐላውን ዋነኛ አድርጌ እይዛለሁ።

መሐላ ደግሞ ሊበላሽ ይችላል። የነቢዩ ሳሙኤል ልጆች በቤርሳቤህ ፈራጆች ሆነው ተሹመው ነበር፤ መማለጃ እየተቀበሉ ፍርድን አጣመሙ። ነቢዩ አሞጽም የዘመኑን ሰዎች ወደ ቤርሳቤህ እንዳይሻገሩ አስጠንቅቋል፤ በምዕራፍ 8 መጨረሻም በሐሰት አምልኮ ከሚምሉት ሰዎች ጋር «ሕያው የቤርሳቤህን መንገድ» ብለው የሚምሉትን ይዘልፋል። ሁለት ባላጋራዎች እውነት ተነጋግረው በተማማሉበት ስፍራ የሐሰት መሐላ መነገሩ ነቢዩን ምን ያህል እንዳሳዘነው የስሙን ትርጉም የሚያውቅ አንባቢ ይገባዋል።

ሐሙስ፣ በአንድ ቄስ ቤት

በቤርሳቤህ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ይኖራሉ፤ ከፊሎቹ በእ.ኤ.አ. 1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹም በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ ናቸው። ወዳጄ ወደ አንድ አረጋዊ ቄስ ቤት ወሰደኝ። ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳሰሩ ተቀብለውን ቡና እስኪፈላ ድረስ የመጣሁበትን ጠየቁኝ። «አባቴ፣ የዚህን ከተማ ስም ፍለጋ ነው የመጣሁ» ስላቸው ተነሥተው የግእዙን ኦሪት አመጡ፤ ቦታውን ገልጠውም «ዐዘቅተ መሐላ» ብለው አነበቡልኝ። «ልጄ፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት ቤር ሼቫ የሚባል አናውቅም ነበር፤ የምናውቀው ዐዘቅተ መሐላን ነው» አሉኝ።

በዚህ ቤት የሰማሁት ቃል የጉዞዬ ፍሬ ነው። የግእዝ ተርጓሚዎች ሰብዓ ሊቃናትን ተከትለው የስሙን ድምፅ ትተው ትርጉሙን አስቀሩ፤ ዐዘቅት ጕድጓድ ነው፣ መሐላም መሐላ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ድምፁን ይዞ ቤርሳቤህ አለ። አማርኛው ካርታውን ጠብቆልናል፤ ግእዙ ግን ታሪኩን ጠብቆልናል። ይህን ስም ከመድረክ ሲያነቡ ግእዙን ጨምረው ቢያስታውሱ ሕዝቡ ብዙ እንደሚያተርፍ ለመምህሮቻችን በትሕትና ማሳሰብ እወዳለሁ።

ንግግራችን ወደ መጽሐፈ ኩፋሌ ተሻገረ። ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ በዕብራይስጥ የተጻፈ ሲሆን ቁርጥራጮቹ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል፤ ሙሉው ግን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በኩፋሌ ምዕራፍ 16 አብርሃም በዐዘቅተ መሐላ መሠዊያ ሠርቶ፣ ለራሱና ለቤተሰቡ ዳስ ጥሎ በሰባተኛው ወር ሰባት ቀን በደስታ ያከብራል፤ የዳስን በዓል በምድር ላይ ያከበረ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ተጽፏል። መጽሐፉ ለስሙ የመረጠው መሐላን ቢሆንም ሰባት ቁጥር በበዓሉ ቀናትና በመሥዋዕቱ ውስጥ እየተመላለሰ ይመጣል።

ከዚያም ስለ ይስሐቅ መሐላ አነሣሁባቸው። በዕብራይስጡና በአማርኛው፣ ይስሐቅ ከአቢሜሌክ፣ ከወዳጁ ከአኮዘትና ከፊኮል ጋር ተማምሎ በሸኛቸው ቀን አገልጋዮቹ መጥተው «ውኃ አገኘን» ይሉታል። የሰብዓ ሊቃናት ግሪክ ግን «ውኃ አላገኘንም» ይላል፤ ኩፋሌም በምዕራፍ 24 እንደዚያው ነው። ልዩነቱ የመጣው በዕብራይስጥ «ለእርሱ» እና «አይደለም» የሚሉት ቃላት በአነጋገር አንድ ድምፅ ሆነው በፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ነው። ኩፋሌ ይጨምርና ይስሐቅ የማለው ተገድዶ እንደነበረ ያውቅ ነበር ይላል፤ በዚያ አነባበብ ጕድጓዱ መድረቁ የግዴታ መሐላ ፍሬ እንደሌለው የሚያሳይ ምልክት ይሆናል። ቄሱን የትኛው እንደሚሻላቸው ጠየቅኋቸው። «ኩፋሌ ሰውን ያውቃል፤ ፈርቶ የሚምል ሰው ብዙ ነው። ኦሪቱ ግን ግብዣ አደረገላቸው፣ በሉ ጠጡም ይላል። አብሮ የበላ ሰው መሐላውን ይጠብቅ ዘንድ ይገባዋል» አሉኝ።

በዚህ መልሳቸው ላይ ብዙ ቈየሁበት። ዘፍጥረት 26 የሚለው ይስሐቅ መጀመሪያ «ለምን ወደ እኔ መጣችሁ? ጠልታችሁኝ ሰድዳችሁኛል» ብሎ እንደወቀሳቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ማዕድ አቀረበላቸው፤ በማግሥቱ ማልደው ተማማሉ፤ በሰላምም ተለያዩ። በአብርሃምም ታሪክ ወቀሳው ከቃል ኪዳኑ በፊት ነው የመጣው። በደሉን ሳይናገሩ ወደ መሐላ መሄድ በሁለቱም ምዕራፎች የለም። ስለዚህ ዐዘቅተ መሐላ የሚለው ስም በውስጡ የያዘው ሥርዓት ይህ ነው፤ ነጠቃው በግልጽ ይነገራል፣ የቈፈረው ሰው ባለቤትነት በምስክር ይጸናል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ይማማላሉ።

ዓርብ፣ ወደ ሰሜን መመለስ

ሰንበት ከመግባቱ በፊት ባቡርና አውቶቡስ ስለሚቆም ማልጄ ተነሣሁ። ይህን መንገድ ለመከተል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ዘፍጥረት 21ንና 26ን፣ ከኩፋሌም ምዕራፍ 16ንና 24ን አንብቦ ቢሄድ መልካም ነው። ጕብኝቱን ከጌራራ ሸለቆ ቢጀምርና ወደ ቴል ቤርሳቤህ በጠዋት ቢደርስ ይሻላል፤ ጉብታው ላይ ጥላ ጥቂት ነው፤ ዓርብ ደግሞ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። የሩሐይባ ፍርስራሽ ግን ከዋናው መንገድ ርቆ በበረሃ ውስጥ ስለሆነ አገሩን የሚያውቅ መሪና በቂ ውሃ ሳይዙ መሄድ አይገባም።

ያዕቆብም ወደ ግብፅ ሲወርድ ከምድሪቱ ከመውጣቱ በፊት በቤርሳቤህ ቆሞ ለአባቱ ለይስሐቅ አምላክ መሥዋዕት ሠዋ፤ በሌሊትም ወደ ግብፅ መውረድን እንዳይፈራ ተነገረው። አባቱና አያቱ የተማማሉበት ቦታ ስለነበረ ከአገር ሲወጣ መቆሙ የሚገባ ነበር። ሦስቱም አባቶች በዚህ ጕድጓድ አጠገብ ድንኳን ተክለዋል፤ ስሙን ያወጡት ግን ከጎረቤት ጋር የተማማሉት ሁለቱ ናቸው።